ለዋሻ የሚሆን ባትሪ ስመርጥ የተሳሳትኩባቸው ነገሮች

የዋሻ ጨለማና የሌሊት ጨለማ አንድ አይደሉም። ሌሊት፣ ሰማዩ ደመና እንኳ ቢሆን፣ ከየትም የምትመጣ ጭላንጭል አትጠፋም፤ ዓይን ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ከታገሠ ዛፉን ከቁጥቋጦው መለየት ይጀምራል። ዋሻ ውስጥ ሁለት ሦስቴ ከታጠፉ በኋላ ግን ዓይን የሚለምደው ብርሃን ራሱ የለም። ግማሽ ቀን ብትቀመጡ መዳፋችሁን አታዩትም። የእኔ ባትሪ ድርግም ያለው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው። አልደበዘዘም፣ ብልጭ ድርግም ብሎ አላስጠነቀቀም፤ በሙሉ ጉልበቱ እየበራ ሳለ ጠፋ። ሁለተኛ ባትሪ ይዤ ስለነበር በእሱ ወጣሁ፤ ታሪኩም እዚያው ላይ ያልቃል። ለእናንተ የሚጠቅማችሁ ከዚያ በኋላ ለምን እንደጠፋ ሳጣራ የደረስኩበት ነገር ነው።

መጀመሪያ ስለ አጠራር እንግባባ። «ባትሪ» የምለው በእጅ የሚያዘውን ወይም ግንባር ላይ የሚታሰረውን መብራት ነው። ውስጡ የሚገባውን፣ ሊቲየሙንም ጭምር፣ በለመድነው አጠራር «ድንጋይ» እለዋለሁ። የዋሻውን ድንጋይ ደግሞ እንዳይምታታብን አለት ልበለው።

የመጀመሪያው ስህተቴ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር አምኜ መግዛቴ ነው። ሉመን ማለት ከባትሪው የሚወጣው ብርሃን ጠቅላላ ድምር ነው፤ ወዴት እንደሚሄድ አይናገርም። ያንኑ ሉመን በጠባብ ጨረር ብትሰበስቡት ሩቅ ይደርሳል፣ ብትበትኑት ቅርብ ቅርቡን ያጥለቀልቃል። ርቀቱን የሚወስነው ጨረሩ በአንድ አቅጣጫ ያለው ጥንካሬ ነው፤ መለኪያው ካንዴላ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውና አንሲ ኤፍኤል1 የሚባለው የባትሪ መለኪያ ደረጃ «የጨረር ርቀት» የሚለው ብርሃኑ 0.25 ሉክስ (ሉክስ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ ነው) ላይ የሚወርድበትን ቦታ ነው፤ ይህም የሙሉ ጨረቃ ብርሃን ያህል ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የካንዴላውን ስኩዌር ሩት ወስዶ በ2 ማባዛት። 10,000 ካንዴላ ያለው ባትሪ ካርቶኑ ላይ 200 ሜትር ይባልለታል። በ200 ሜትር ላይ ግን የምታዩት በጨረቃ ያያችሁትን ያህል ነው። አለቱ ስንጥቅ ይኑረው አይኑረው ለመለየት ከፈለጋችሁ ርቀቱን በግማሽ ቀንሱት፤ በ100 ሜትር ብርሃኑ አራት እጥፍ ሆኖ 1 ሉክስ ይደርሳል።

ዋሻ ውስጥ ደግሞ ግድግዳው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት አራት ሜትር ላይ ነው። እዚያ 1,000 ሉመን ብታበሩ ከእርጥቡ አለት ተመልሶ የሚያጥበረብረው እናንተኑ ነው፤ ከብሩሁ ክብ ውጭ ያለው ሁሉ የባሰውን ይጨልማል። ለመራመድ ሰፋ ብሎ የተበተነ ከ50 እስከ 150 ሉመን ይበቃል። ተቀምጦ ለመብላት ወይም ካርታ ለማየት ከ5 እስከ 20 ከበቂ በላይ ነው። ትልቁ ጉልበት የሚያስፈልገው ሰፊ አዳራሽ ሲያጋጥም ጣሪያውን ለመቃኘት፣ ወይም ጉድጓድ ከመውረድ በፊት ታቹን ለማየት ነው፤ እሱም ለአንድ ሁለት ደቂቃ። ስለዚህ ካርቶኑን ስታነብቡ መጀመሪያ የምትፈልጉት መካከለኛውን ደረጃ ይሁን። በ100 ሉመን አካባቢ ስንት ሰዓት ይቆያል? ይህን የማይመልስ ካርቶን ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው።

የቆይታው ሰዓትም የራሱ ወጥመድ አለው። በዚያው የአንሲ መለኪያ ደረጃ መሠረት ሉመኑ የሚለካው ባትሪው ከበራ ከ30 ሰከንድ ጀምሮ ነው፤ የቆይታው ሰዓት ግን የሚቆጠረው ብርሃኑ ከዚያ ልኬት 10 በመቶ ላይ እስኪወርድ ድረስ ነው። ሁለት ደቂቃ ያህል 1,000፣ የቀረውን ጊዜ ደግሞ 200 እና 250 ሉመን የሚያበራ ባትሪ ላይ «1,000 ሉመን፣ 3 ሰዓት» ቢጻፍ በሕጉ ውሸት አይባልም። ቶሎ የሚወርደው ድንጋዩ ስላለቀ አይደለም፤ ሙቀት ነው። ጣት የሚያህል የአሉሚኒየም ቀፎ የ10 ዋት ሙቀት ለረጅም ጊዜ መሸከም ስለማይችል ውስጡ ያለው ሰርኪዩት ራሱ ይቀንሰዋል። ይህ ጥሩ ጠባይ ነው። የሚያስፈራው ሙቀቱ እጅ እያቃጠለ የማይቀንሰው ነው።

ካርቶኑ እውነት ይናገር እንደሆነ የምታጣሩበት አንድ ሒሳብ ልስጣችሁ። 18650 የሚባለው ድንጋይ (18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት) ደህናው 3.6 ቮልትና 3.5 አምፔር ሰዓት አለው፤ ሁለቱን ስታባዙ 12.6 ዋት ሰዓት። ደህና ኤልኢዲ ከነሰርኪዩቱ ከ1 ዋት 100 ሉመን ያህል ያወጣል ብላችሁ ገምቱ። 12.6 በ100 ሲባዛ 1,260 ይሆናል። ይህን ለምትፈልጉት ሉመን አካፍሉት፤ በ100 ሉመን 12 ሰዓት ተኩል ያህል፣ በ300 ከአራት ሰዓት ትንሽ ከፍ ያለ፣ በ1,000 አንድ ሰዓት ከሩብ። የተሻለ ኤልኢዲ ዝቅ ባለ ደረጃ ላይ ከዚህ ትንሽ ሊበልጥ ይችላል፤ እጥፍ አድርጎ የሚነግራችሁን ግን ተዉት። በአንድ 18650 «1,000 ሉመን ለ10 ሰዓት» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ባትሪውን ወደ መደርደሪያው መልሱት።

ድንጋዩም ራሱ ይዋሻል። 18650 ላይ 9,900 ሚሊአምፔር ሰዓት (9.9 አምፔር ሰዓት) ተጽፎ ይሸጣል፤ በዚህ መጠን በገበያ ላይ ያለው ምርጡ ከ4,000 ብዙም አያልፍም። 5,000 አካባቢ ከፈለጋችሁ 21700 የሚባለውን፣ 21 ሚሊ ሜትር ወፍራምና 70 ሚሊ ሜትር ረጅም የሆነውን፣ የሚቀበል ባትሪ ነው የሚያስፈልጋችሁ። የተጭበረበረውን ለመለየት የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። ትክክለኛው 18650 ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል፤ 30 ግራም ከሆነ ውስጡ ያለው ከግማሽ የማይሻል ነገር ነው።

አሁን ወደ ጠፋው ባትሪ ልመለስ። ውስጡ የነበረው ድንጋይ «ጥበቃ ያለው» የሚባለው ዓይነት ነው። ታቹ ላይ ሳንቲም የምታህል ሰርኪዩት ተለጥፋለች፤ ቮልቴጁ ወደ 2.5 አካባቢ ሲወርድ ድንጋዩ እንዳይጎዳ ኤሌክትሪኩን ትቆርጣለች። ባትሪው ደግሞ ብርሃኑን እስከ መጨረሻው እኩል አድርጎ የሚይዝ ነበር፤ ድንጋዩ ሙሉ ሲሆን ካለው 4.2 ቮልት ቢወርድም እሱ ይህን አያሳይም። ሁለቱን አንድ ላይ አስቧቸው፤ አንዱ ድካሙን ይደብቃል፣ ሌላው በድንገት በሩን ይዘጋል። ከፈታሁት በኋላ ባትሪውም ድንጋዩም ምንም አልሆኑም፤ ሁለቱም የተሠሩበትን ሥራ ነው የሠሩት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ በመካከላቸው ማስጠንቀቂያ የሌለው ባትሪ መርጬ። እንዲህ የጠፋ ድንጋይ ትንሽ ሲያርፍ ለጥቂት ሰከንድ ይበራና መልሶ ይጠፋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ቻርጀር ላይ ካልተሰካ አይነቃም። ስለዚህ «ትንሽ ላሳርፈው» ብላችሁ አትጠብቁት።

ከዚያ ወዲህ ባትሪ ስገዛ የምጠይቀው እንዴት እንደሚጠፋ ነው። ደህናው ባትሪ ድንጋዩ ሲዳከም በራሱ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል፤ ቀይ መብራት ያሳያል ወይም በየጥቂት ደቂቃው ብልጭ ይላል፤ ከዚያም በጣም ዝቅ ባለ ብርሃን ለተጨማሪ ጊዜ ይቆያል። ያ ዝቅተኛ ብርሃን 5 ሉመን እንኳ ቢሆን ከዋሻ ያወጣል። የድሮዎቹ ቀላል ባትሪዎች ቀስ በቀስ እየቀሉ እንደ ኩራዝ ስለሚያበሩ እንሰድባቸዋለን፤ በዚህ በኩል ግን የሚናቁ አይደሉም።

ይህን ካርቶን ላይ አታገኙትም፤ ቤት ውስጥ መሞከር ነው ያለባችሁ። ድንጋዩን ሙሉ በሙሉ ቻርጅ አድርጉ። ማታ፣ ነጭ ጣሪያ ያለበት ክፍል ውስጥ፣ ባትሪውን ወደ ላይ አቁሙት፤ ከሚቃጠል ነገር የራቀ ቦታ ይሁን። ስልካችሁን ከአጠገቡ በማይንቀሳቀስ ቦታ አስቀምጡና ብርሃን በሚለካ መተግበሪያ ቁጥሩን መዝግቡ። የስልኩ ልኬት ትክክለኛ ሉክስ ላይሆን ይችላል፤ ግድ የለም፣ የምትፈልጉት ከመጀመሪያው ስንት በመቶ እንደወረደ ብቻ ነው። በ1ኛው፣ በ5ኛውና በ15ኛው ደቂቃ፣ ከዚያ በየግማሽ ሰዓቱ ጻፉ። ዋሻ ውስጥ በምትጠቀሙበት ደረጃ ሞክሩት እንጂ በከፍተኛው አይደለም። መጨረሻው ሲቃረብ ክፍሉን አትልቀቁ፤ ዋናው ፈተና የመጨረሻው ሃያ ደቂቃ ነውና። አስጠነቀቀ? ከማስጠንቀቂያው በኋላ ስንት ደቂቃ ቆየ? ያችን ቁጥር በማርከር ቀፎው ላይ ጻፏት። ብርሃኑ ሲወርድ ዓይን እየለመደው ስለሚሄድ ግማሹ ቢጠፋ እንኳ አይታወቃችሁም፤ ስልኩ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ስህተቴ በግንባር ባትሪ ብቻ መተማመን ነበር። ዋናው መብራት ግንባር ላይ መሆን አለበት፤ ይህ አያከራክርም፤ ዋሻ ውስጥ ሁለቱም እጆች ሥራ አላቸው። ግን የግንባር መብራት ሁለት ችግር አለው። አንደኛው፣ ብርሃኑ የሚነሣው ከዓይናችሁ አጠገብ ስለሆነ የምታዩት ነገር ጥላው ከኋላው ተደብቆ ይቀራል። ወለሉ ላይ ያለ አንድ ክንድ የሚያህል ጉድጓድና ጠፍጣፋ ጭቃ አንድ ዓይነት ሆነው ይታያሉ። የእጅ ባትሪውን አውጥታችሁ ጉልበታችሁ ቁመት ላይ ዝቅ አድርጋችሁ ወደ ፊት ብታበሩት ግን እያንዳንዷ ጠጠር ጥላዋን ትጥላለች፤ ጉድጓዱም ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ሁለተኛው እስትንፋስ ነው። ቀዝቃዛና እርጥብ ዋሻ ውስጥ የምትተነፍሱት አየር ጉም ሆኖ በመብራቱ ፊት ያልፋል፤ ነጭ መጋረጃ ይሆንባችኋል። ብርሃኑን በጨመራችሁ ቁጥር መጋረጃው ይወፍራል። ያን ጊዜ መፍትሔው የግንባሩን ዝቅ አድርጎ የእጁን በወገብ ቁመት ማብራት፣ ትንፋሽንም ወደ ጎን ማውጣት ነው። አቧራ የበዛበት ቦታም ያው ነው።

ከዚህ ጋር የብርሃኑ ቀለም ይያያዛል። 6,500 ኬልቪን የተጻፈበት ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ብርሃን በወረቀት ላይ ብዙ ሉመን ያስቆጥራል፤ ጭቃውን፣ አለቱንና ዝገቱን ግን አንድ ዓይነት ግራጫ ያደርጋቸዋል፤ በጉም ውስጥም ዓይን ያሰለቻል። ከ4,000 እስከ 5,000 ኬልቪን ያለውን ምረጡ። ሲአርአይ የሚባለው የቀለም ታማኝነት ቁጥር 90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የተሻለ ነው፤ የገመድ መላላጥና የቆዳ ቁስል በደንብ የሚታየው በእሱ ነው። ትንሽ ሉመን ታጣላችሁ። እኔ ሁልጊዜ እከፍላታለሁ።

አሁን ሁላችንም ወደምናውቀው ነገር፤ በጥፊ ካልተመታ የማይበራ ባትሪ። ጥፊው የሚሠራው በውስጡ የሆነ ቦታ ብረትና ብረት በደንብ ስላልተነካኩ ነው። ሦስት ትንንሽ ድንጋዮች በላስቲክ ማቀፊያ የሚይዝ ባትሪ ብትፈቱ፣ እያንዳንዱ ድንጋይ በሁለት ጫፉ ይነካል፤ የማቀፊያው ጫፎች ሲጨመሩ ከስምንት የማያንሱ መነካኪያዎች አሉ። አንዷ ብትዝግ ወይም ብትላላ ሁሉም ይጠፋል። አንድ ድንጋይ ብቻ የሚገባበት ባትሪ ላይ ድንጋዩ የሚነካው ሁለት ቦታ ነው፣ ከፊትና ከኋላ። ለዚህ ብቻ እንኳ አንድ ድንጋይ የሚበላውን እመርጣለሁ። በሁለቱም ጫፍ ሞላ ያለው ከሆነ ደግሞ ሲወድቅም ሲናወጥም አይቋረጥም። ሁለት የሊቲየም ድንጋዮች ተከታትለው የሚገቡበትን ግን ለጀማሪ አልመክርም፤ አንዱ ቀድሞ ካለቀ ሌላው በግድ ወደ ተቃራኒው እየገፋ ያሞቀዋል፤ መጨረሻው እሳት ሊሆን ይችላል።

የሚርገበገብ ባትሪ ሲያጋጥማችሁ ከመጣላችሁ በፊት የኋላ ክዳኑን ውስጥ ተመልከቱ። ማብሪያውን የሚይዝ ቀለበት አለ፤ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ወይም ጎድጎድ ያለበት። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እሱ መላላቱ ነው። ቀጭን ፒንሳ ወይም ወረንጦ ሁለቱ ቀዳዳዎች ውስጥ አስገብታችሁ አጥብቁት። ቀጥሎ የቀፎውን አፍ፣ ማለትም ክዳኑ የሚያርፍበትን ቀለም የሌለውን ጠርዝ፣ አልኮል በነካ ጥጥ ጥረጉ፤ ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በእሱ በኩል ነው። ካልተሻለው ሞላውን በእርሳስ ላጲስ ፈትጉት። አረንጓዴና ነጭ ዱቄት ካያችሁ የአልካላይን ድንጋይ አፍስሷል ማለት ነው። የሚፈሰው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ስለሆነ ቆዳ ይጎዳል፤ ጓንት አድርጋችሁ ኮምጣጤ በነካ ጨርቅ አጽዱት፣ ከዚያም በደረቅ።

ስለ ድንጋይ ዓይነት በአጭሩ። የአልካላይን ድንጋይ የትም ስለሚገኝ ደስ ይላል፤ ግን ብዙ ኃይል ሲጠየቅ ቶሎ ይዝላል፣ በብርድ የባሰ ይሆናል፣ ባትሪ ውስጥ ከተረሳ ያፈስሳል። ቻርጅ የሚደረገው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ 1.2 ቮልት ሆኖ እስከ መጨረሻው ስለሚጸና ለትንሽ ባትሪ ከሁሉ ይሻላል። ቻርጅ የማይደረገው 1.5 ቮልት ሊቲየም ቀላል ነው፤ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ድረስ ይሠራል፤ መደርደሪያ ላይ ከአሥር ዓመት በላይ ይቆያል፤ ለመጠባበቂያ ባትሪ ከእሱ የተሻለ የለም። ሊቲየም አዮን ጉልበተኛው ነው፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ግን ቻርጅ አይደረግም፤ ውስጡ ብረታማ ሊቲየም ተጋግሮ አደገኛ ይሆናል። አሮጌና አዲስ፣ ወይም የተለያየ ዓይነት ድንጋይ በአንድ ባትሪ አትቀላቅሉ። ጥበቃ ያለው 18650 በሰርኪዩቱ ምክንያት 68 እና 70 ሚሊ ሜትር ስለሚደርስ አንዳንድ ባትሪ ውስጥ አይገባም፤ ስትገዙ ባትሪውን ይዛችሁ ሂዱ።

ውኃን በተመለከተ አይፒኤክስ 4 ማለት ፍንጣቂ ይችላል፤ አይፒኤክስ 7 ማለት 1 ሜትር ጥልቀት ውስጥ 30 ደቂቃ ይቆያል፤ አይፒኤክስ 8 ከዚያ የጠለቀ ሲሆን ስንት ሜትር እንደሆነ አምራቹ መግለጽ አለበት። ለዋሻ ከ7 በታች አትግዙ። ከገዛችሁ በኋላ ድንጋዩን አውጥታችሁ ደረቅ ሶፍት ጠቅልላችሁ አስገቡ፤ ክዳኑን አጥብቃችሁ ባልዲ ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ አስጥሙት። ሶፍቱ ረጥቦ ከወጣ መልሱ። ውኃ የሚከላከለው የጥርሱ ሥር ያለችው የጎማ ቀለበት ናት፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ትበቃታለች። ሲሊኮን ቅባት ቀቧት፤ ቫዝሊን አንዳንዱን የጎማ ዓይነት ያሳብጣል። የዩኤስቢ ቀዳዳ ያለው ባትሪ ደካማው በር የቀዳዳው ክዳን ነው፤ ከጭቃ በኋላ በደንብ መገጠሟን በጥፍር ዳስሱ። ድንጋዩ የማይወጣ፣ በዩኤስቢ ብቻ የሚሞላ ባትሪ ለመንገድ ያገለግላል፤ ዋሻ ውስጥ ሲያልቅ ግን መሙያ ሶኬት የለም።

ማብሪያው ቀላል ይሁን። አንዴ ሲጫኑት የሚበራ፣ ሲይዙት ደረጃ የሚቀይር፣ በጓንትና በጭቃማ ጣት የሚሠራ። ደረጃ ለመቀየር በብልጭታ በኩል የሚያሳልፍ ባትሪ ገደል አፋፍ ላይ ምን እንደሚያደርግ አስቡት። ሌላው፣ ቦርሳ ውስጥ በራሱ እንዳይበራ። ከፍተኛ ደረጃ ላይ የበራ ባትሪ ጨርቅ ያቃጥላል፤ ባያቃጥል እንኳ ስትደርሱ ባዶ ነው። የኋላ ክዳኑን ሩብ ዙር ላላ አድርጉትና ማብሪያውን ተጫኑ፤ ካልበራ ጥሩ፣ እንዲሁ አድርጋችሁ ያዙት። ይህ የሚሠራው ጥርሱ ቀለም የተቀባ (አኖዳይዝድ) ከሆነ ነው። በኤሌክትሮኒክ ቁልፍ የሚበሩ ባትሪዎች ጠፍተውም ድንጋዩን ትንሽ ትንሽ ስለሚመጥጡ፣ ላላ ማድረጉ ለእነሱም ይበጃል።

በዋሻ ገቢዎች ዘንድ የቆየው ልማድ ለአንድ ሰው ሦስት መብራት ነው፤ ለቡድኑ ሳይሆን ለእያንዳንዱ። ሦስቱም የየራሳቸው ድንጋይ ያላቸው፣ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ከዋሻው ማውጣት የሚችሉ። አንዱ ግንባር ላይ፣ አንዱ አንገት ወይም ደረት ላይ ታስሮ፣ አንዱ ኪስ ውስጥ። ቦርሳ ውስጥ ያለ መጠባበቂያ ጨለማ ውስጥ ዚፕ ፈልጎ መክፈት ይጠይቃል፤ ቦርሳውም ቀድሞ ጠባቧን ቀዳዳ አልፎ ሊሆን ይችላል። የስልክ መብራት አይቆጠርም። ስልኩ ውኃ ይፈራል፣ ሲወድቅ ይሰበራል፣ ግንባር ላይ አይታሰርም፣ ድንጋዩን መቀየር አይቻልም። ቢቻል ሦስቱም አንድ ዓይነት ድንጋይ ይብሉ፤ አንዱ ሲሰበር ድንጋዩ ለሌላው ይተርፋል።

ድንጋይ የሚቀየረው ሲያልቅ አይደለም፤ ደልዳላ ቦታ ሲገኝ ነው። ቤት ውስጥ በለካችሁት ሰዓት ሁለት ሦስተኛው ሲያልፍ ቀይሩ። መቀየሪያውን ደግሞ ልመዱት። ተቀመጡ። መጀመሪያ ሁለተኛውን ባትሪ አብሩና አንገታችሁ ላይ ይንጠልጠል። ቆባችሁን ወይም መሐረብ ጭናችሁ ላይ ዘርጉ፤ ክዳኑና ሞላው ቢወድቁ እዚያው ይቀራሉ። እጃችሁን ልብሳችሁ ላይ ጥረጉ፣ ክዳኑን ፍቱ፣ አሮጌውን አውጡና ወዲያው ግራ ኪስ ክተቱ። አዲሱ ከቀኝ ኪስ ይወጣል። ግራና ቀኙ የማይቀየር ሕግ ይሁን፤ ባዶውን መልሶ አስገብቶ «ባትሪው ተበላሸ» ማለት ከምታስቡት በላይ የተለመደ ነው። ፖዘቲቩን ጫፍ በአውራ ጣት ዳስሱት፤ ጡት ያለው ግልጽ ነው፤ ጠፍጣፋው ላይ ግን ከላስቲኩ ሥር ቀለበት መሰል ጎድጎድ ያለበት ጫፍ ነው ፖዘቲቩ። ቤት ውስጥ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አሥር ጊዜ ሥሩት። በአሥረኛው ከአንድ ደቂቃ በታች ታደርጉታላችሁ።

ባትሪ የማይነግራችሁ አንድ ነገር አለ፤ አየሩን። የድሮ ሰው በእሳት ሲገባ ነበልባሉ ሲደክም ኦክስጅን ማነሱን ያውቅ ነበር። ኤልኢዲ አየር ኖረም አልኖረም እኩል ይበራል። ያለ ድካም ማለክለክ ወይም ራስ ምታት ከጀመራችሁ መብራቱ ደህና ስለሆነ አትታለሉ፤ ወደ መጣችሁበት ተመለሱ። አሮጌ የማዕድን ጉድጓድ፣ የፍሳሽ ቦይና ታንከር ደግሞ ከናካቴው ሌላ ጉዳይ ነው። ሚቴን ከ5 እስከ 15 በመቶ ከአየር ጋር ሲቀላቀል ይፈነዳል፤ ተራ ባትሪ ማብሪያው ውስጥ የምትፈጠር ብልጭታ ትበቃዋለች። ሃምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1815 ነበልባሉን በሽቦ ወንፊት የሸፈነ የማዕድን ፋኖስ የሠራው ለዚሁ ነበር። ዛሬም ለእንዲህ ያለ ቦታ ለፈንጂ ጋዝ ተፈትሾ የተፈቀደ ልዩ ባትሪና ጋዝ መለኪያ ያስፈልጋል፤ እስካሁን ከዘረዘርኩት ውስጥ አንዱም ለዚያ አይሆንም።

ከዋሻ ስትመለሱ ባትሪውን ከመክፈታችሁ በፊት ጭቃውን እጠቡና አድርቁ፤ ቀድማችሁ ከከፈታችሁት አሸዋው ጥርሱ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ድንጋዩን አውጡና ቀፎውን ክፍት አድርጋችሁ አሳድሩት። ሊቲየም አዮን ድንጋይ ለወራት የሚቀመጥ ከሆነ ሙሉም ባዶም አይሁን፤ ከ40 እስከ 60 በመቶ፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ። ትርፍ ድንጋይ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪስ ውስጥ አይቀመጥም፤ ሁለቱ ጫፎች በብረት ከተገናኙ ኪሳችሁ ውስጥ እሳት ይነሣል። የላስቲክ ሳጥን ግዙለት። የላይኛው ልባስ የተቀደደበትንም አትጠቀሙበት፤ ቀፎው በሙሉ ኔጌቲቭ ስለሆነ ከባትሪው ግድግዳ ጋር ሊነካካ ይችላል። እያንዳንዱ ድንጋይ ላይ የገዛችሁበትን ወርና ዓመት በማርከር ጻፉ። በዓመት አንዴ ያንን የጣሪያ ሙከራ ድገሙት፤ ከመጀመሪያው ቆይታ ከ80 በመቶ በታች የወረደውን ከዋሻ ሳጥን አውጥታችሁ ለጓሮ መብራት አድርጉት።